ከወለሉ ስፋት በፊት የበሩ ወርድ

በአንድ አነስተኛ የከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ አዳራሽ) ቦታ ስደለድል በቅድሚያ የምለካው ወለሉን ሳይሆን በሩን ነው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11 ሜትር የሆነችው ትንሿ አውሮፕላን ሴስና 172 በ10 ሜትር በር አትገባምና። በጋራ ሃንጋር ውስጥ የአንዱን ከፍ ያለ ክንፍ ከሌላው ዝቅ ያለ ክንፍ በላይ በማሳለፍ ቦታ መቆጠብ ይቻላል፤ ነገር ግን ነዳጅ የተሞላ አውሮፕላን በክብደቱ ዝቅ ስለሚል፣ ትናንት የበቃው ክፍተት ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ መብረር ያቆመው አውሮፕላን ነው። ጎማው ተንፍሶ፣ አቧራ ለብሶ፣ በክንፉ ሥር አሮጌ ሶፋ ተከምሮበት ዓመታት ያልፋሉ፤ ባለቤቱ ግን ኪራዩን ሳያዛንፍ ይከፍላል። ወረፋ የሚጠብቁት አውሮፕላኖች ደግሞ ውጭ በገመድ ታስረው ፀሐይና ነፋስ ይፈራረቁባቸዋል። ስለዚህ ጥገና ላይ ላለ አውሮፕላን የማጠናቀቂያው ቀን በውሉ ላይ እንዲሰፍር አደርጋለሁ።