ሞዛይክ ለመጀመር ከቀለሙ በፊት መሥመሩ

ሞዛይክ (ስብርባሪ ደርድሮ በማጣበቅ የሚሠራ ሥዕል) መሞከር የሚፈልጉ ወዳጆቼ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስንት ዓይነት ቀለም እንደሚያስፈልግ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ቀድሞ መታሰብ ያለበት መሥመሩ ነው። በስብርባሪ ሴራሚክ ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ጥላ ማውጣት ብዙ ዓይነት ቀለምና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ወፍራም ጥቁር መሥመርና ጥቂት ደማቅ ቀለም ያለው ሥዕል ግን ለጀማሪም ይታዘዛል። በጎንደር ደግሞ እንዲህ ያለ ሥዕል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ትልልቅ ዓይንና ጥርት ያለ ቅንድብ ያላቸው ናቸው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ የምመክረው ጥንድ ዓይንን ከነቅንድቡ፣ 30 በ30 ሳንቲሜትር በሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ መሥራት ነው። (ጥንድ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን ታይተው በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎች ናቸው።)

ሴራሚኩን መግዛት የግድ አይደለም፤ ግንባታ ከሚካሄድበት ቦታ አስፈቅዶ ስብርባሪ መሰብሰብ ይቻላል። ሆኖም የወለሉ በጣም ጠንካራ በመሆኑ እጅን ያደክማልና የግድግዳውን መምረጥ ይሻላል። ስብርባሪውን በጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻ መምታት፣ ከዚያም በሴራሚክ መቁረጫ ፒንሳ ማስተካከል ነው። ፒንሳው ሴራሚኩን መሐል ላይ ሳይሆን ጠርዙን ብቻ ጥቂት ሚሊሜትር ነክሶ ሲጨመቅ፣ ስንጥቁ ከጥርሱ አቅጣጫ ተነሥቶ ይሮጣል። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ግን ይህን መሞከር አይገባም።

ድርደራው የሚጀምረው ከብሌኑ ነው። በብሌኑ ዙሪያ ነጩ፣ በነጩ ዙሪያ ጥቁሩ መሥመር ይከተላል፤ የፊቱ ቀለምም የዓይኑን ቅስት እየተከተለ ይደረደራል እንጂ ቦታ ለመሙላት ብቻ እንደተገኘ አይጣልም። የረድፉ አካሄድ ከተምታታ የቀለሙ ማማር ሥዕሉን አያድነውም። በጣሊያን ራቬና በ547 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በተመረቀው የቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሞዛይኮችም ፊትን የሚቀርጹት በረድፍ አካሄድ ጭምር ነው። በስብርባሪዎቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት መተው፣ ሁሉንም ያለ ኮላ ደርድሮ ማየት፣ ከዚያ አንድ በአንድ በነጩ የእንጨት ኮላ ማጣበቅ ያስፈልጋል።

ኮላው ቢያንስ 24 ሰዓት ይደርቅ፤ በክረምት እርጥበት ከዚያም በላይ መታገሥ ግድ ነው። ለክፍተቱ ነጭ ሲሚንቶ እንደ ወፍራም እርጎ አቡክቶ መሙላት ይቻላል፤ እኔ ግን ጥቁር የሲሚንቶ ቀለም እጨምርበታለሁ፤ ነጩ ከፈዛዛ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ረድፉን ሲያደበዝዘው፣ ጥቁሩ እያንዳንዱን ስባሪ ለይቶ ያሳያል። ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ይደረግ። መጠንከር ሲጀምር በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ በኋላም በደረቅ ጨርቅ ፊቱን መጥረግ ነው።

ነጩ ኮላ ውኃ ሲነካው ስለሚለሰልስ ይህ ሥራ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው። ዝናብ በሚያገኘው የግቢ አጥር ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ኮላውን በሴራሚክ ማጣበቂያ ሲሚንቶ ይተካ፤ ኮምፔንሳቶውንም ትቶ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ይሥራ።