ሁለት ሺህ ብር ከየት መጣ?

ማክሰኞ ማታ። ሐዋሳ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስትሞቅ ውላ አሁን ገና ትንሽ ነፋስ ከሐይቁ በኩል መጣ። መስኮቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። እማዬ ተኝታለች። ያለፈውን እሁድ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

ኮትሊን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ቀን ፒያሳ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማታ በባጃጅ ሰፈራችን አቶቴ እገባለሁ፣ እራቴን እበላለሁ፣ ከዚያ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። ሁልጊዜ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፦ እናቴ በምትይዘው የእቁብ ደብተር ላይ ያለውን ሥራ የሚያግዝ ፕሮግራም መሥራት። መጨረሻ ላይ ስልክ ላይ እንዲገባልኝ ስለምፈልግ ኮትሊንን መረጥኩ። ቋንቋው ገና ልጅ ነው። ጄትብሬንስ የሚባለው ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ይፋ አደረገው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2016 ወጣ። በ2017 ጉግል ለአንድሮይድ ተቀበለው፣ በ2019 ደግሞ ከሁሉ የሚያስቀድመው እሱን እንደሆነ አሳወቀ። ስሙን ያገኘው ሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ ካለች ደሴት ነው። ጃቫ የሚባለው ሌላው የፕሮግራም ቋንቋም ስሙ የደሴት ስም ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ አንድ ነገር ልበል፤ ለጀማሪ ይጠቅማል። የእኔ ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋ ነው። መጀመሪያ የስልክ ፕሮግራም መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮ ጭኜ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ አንዲት መስመር ሳልጽፍ ሁለት ሳምንት አለፈ። ተውኩት። ፕሮግራም መጻፊያውን ኢንቴሊጄ አይዲያን ብቻ ጫንኩና በጥቁሩ መስኮት ላይ ጽሑፍ የሚያወጣ ተራ ፕሮግራም ጀመርኩ። ለመማር እሱ ይበቃል። ስልኩ በኋላ ይደርሳል። ግሬድል የሚባለው ደግሞ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያስቀመጧቸውን የፕሮግራም ክፍሎች፣ ከኢንተርኔት እየጎተተ ያመጣል። አንዴ ካመጣቸው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ኦፍላይን የሚለውን ማብራት ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያውን ወር የኢንተርኔት ፓኬጄን እንደዚያ አላቃጥለውም ነበር።

ወደ እቁቡ ልመለስ።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ቀላል ነበር። «እቁብተኛ» የሚል ክላስ ሠራሁ። ክላስ ማለት እንደ ባዶ ቅጽ ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ ዕጣ ወጥቶላታል ወይስ አልወጣላትም። ከቅጹ ላይ 22 ሴቶችን ሞላሁ። የሳምንቱ መዋጮ 1,000 ብር ነው። ፕሮግራሙን አስነሳሁት፣ የሳምንቱን ድምር አወጣ፦ 22,000። ደስ ብሎኝ እማዬን ጠራኋት።

ቡናዋን እንደያዘች መጥታ አየችው።

«ሁለት ሺህ ብር ከየት መጣ?» አለችኝ።

«22 ሰው አይደላችሁ እማዬ?»

«22 ሰው ነን። ዕጣው ግን 20 ነው።»

ያን ጊዜ ነው ደብተሩን ተቀብያት በደንብ ያየሁት። አንዷ ሴትዮ ሁለት ዕጣ አላት። ሦስቱ ዕጣዎች ደግሞ የሁለት የሁለት ሴቶች ናቸው፤ ግማሽ ግማሽ፣ 500፣ 500 ይጥላሉ። የቀሩት አሥራ አምስቱ አንድ አንድ አላቸው። ስንት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ቡና እያቀረብኩ ያየሁት እቁብ ነው። ግን ሰውና ዕጣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ብዬ አላውቅም። እማዬ አስባው አታውቅም፤ ዝም ብላ ታውቀዋለች። ደብተሯ በሰው ስም ሳይሆን በዕጣ ቁጥር ነው የተሰመረው።

ያን ሌሊት ክላሱን ሁለት አደረግኩት፦ «ሰው» እና «ዕጣ»። አንድ ዕጣ ባለቤቶች አሉት፣ እያንዳንዷም ድርሻ አላት። ብሩን የሚቆጥረው ዕጣው ነው እንጂ ሰውየዋ አይደለችም። ድምሩ 20,000 መጣ። የተሰበሰበውን ብር ማንም ከውጭ እንዳይነካው ፕራይቬት አደረግኩት፤ «ጣል» በሚለው ፈንክሽን (አንድ ሥራ በሚሠራ ትእዛዝ) በኩል ካልሆነ አይጨምርም። ይሄም የእማዬ ሕግ ነው። ደብተሩ ላይ ከእሷ በቀር ማንም አይጽፍም።

በኋላ አነበብኩ፤ ይህ ዓለምን በክላስና ከክላሱ በሚሞላ ኦብጀክት የማሰብ ነገር የተጀመረው ኖርዌይ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ሲሙላ የሚባል ቋንቋ ሠሩ። የፈለጉት በእውን ያለውን ሥራ ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ማስኬድ ነበር። እኔ መጀመሪያ የተማርኩት «ውሻ የእንስሳ ልጅ ነው፣ ድመትም የእንስሳ ልጅ ናት» በሚሉ ምሳሌዎች ነው። ምንም አልገባኝም ነበር። የገባኝ እቁቡ ላይ ነው።

አሁን ወደ እሁዱ።

ኮትሊን ስለ ባዶ ነገር ጥብቅ ነው። አንድ ቦታ ባዶ ሊሆን የሚችል ከሆነ ዓይነቱ አጠገብ የጥያቄ ምልክት እንድታስቀምጥ ያስገድድሃል። ባዶው ናል ይባላል። ቶኒ ሆር የሚባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ ናልን በ1965 ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ በ2009 «የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ» ብለው ጠርተውታል፤ ፕሮግራሞች ባዶ ነገር እንዳለ ነገር ሲነኩ ስለሚወድቁ። ኮትሊን ገና ሳታስነሳው ቀይ አስምሮ «ይሄ ባዶ ቢሆንስ?» ይልሃል።

ለምሳሌ ዋስ። ዕጣ ያልወጣላት ሴት ገና ዋስ አትጠራም፤ ባዶ ነው። ስለዚህ ዋስ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ብሩን የሚያስረክበው ፈንክሽን ላይ ስደርስ ኮምፓይለሩ (የጻፍኩትን ለማሽኑ የሚተረጉመው) አላሳልፍም አለ፤ ዋሷ ባዶ ብትሆንስ? እማዬን ጠየቅኳት። «ዋስ ከሌለ ብር አይወጣም፣ ምን ይጠየቃል?» አለች። ያቺን መስመር እንዳለች ጻፍኳት።

መዋጮው ላይ ግን ተሳሳትኩ። የዚህ ሳምንት መዋጮ ገና ያልገባ ሊሆን ስለሚችል ባዶ ሊሆን ይችላል። ስደምር ቀዩ መስመር መጣ። ደክሞኝ ነበር፣ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት አልፏል። ባዶ ከሆነ ዜሮ ቁጠረው የምትል አጭር ምልክት አለች፤ እሷን ጣል አደረግኩባት። ቀዩ ጠፋ። ድምሩም ትክክል ነበር። ተኛሁ።

እሁድ ሴቶቹ ተሰብስበው ሳለ እማዬ «እስቲ ያንቺ ነገር ምን ይላል?» አለችኝ። ላፕቶፑን አመጣሁ። «ያዙልኝ ያሉ» የሚል ዝርዝር ነበረው፤ ለዚህ ሳምንት ችግር ገጥሟቸው ጊዜ የጠየቁ። አንድ ስም አወጣ፤ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰዋን እትዬ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ቤቱ ዝም አለ። አንዷ «ምነው፣ ምን ሆነች?» አለች። እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እሷ ያዙልኝ አላለችም። ገና አልመጣችም። እሁድ ሐይቁ ዳር ሰው ስለሚበዛ ሁሌ አመሻሽ ላይ ነው የምትመጣው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ «የሰው ስም ታጠፊያለሽ፣ ልጄ።»

እትዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዓሣ ዓሣ እየሸተተች ብሯን በመሀረብ ቋጥራ መጣች። ሌሎቹ ስለ እሷ የተባለውን አልነገሯትም። እኔ ግን ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ማታ ስህተት መፈለጊያውን፣ ዲበገሩን ከፈትኩ። እስካሁን ከተማርኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ከመስመሩ ግራ ጠርዝ ላይ ስትነካው ቀይ ነጥብ ይተክላል፤ ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚያች ደቂቃ በእያንዳንዱ ስም ውስጥ ምን እንዳለ ታያለህ። መስመር በመስመር እያለፍኩ በዚሁ በሰባተኛው ሳምንት ላይ፣ የእትዬ ዕጣ ላይ ደረስኩ። «0» ይላል። የእማዬን ደብተር አጠገቡ ዘረጋሁ። እዚያው ሳምንት፣ እዚያው ዕጣ፤ የእትዬን ብር ገና አልጻፈችውም፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። ከሱ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ባለፈው ወር ያዙልኝ ያለች ሴት አለች፤ የእሷ ሳጥን ውስጥ እማዬ በእስክሪብቶ ትንሽ ክብ አድርጋለች። ዜሮና ባዶ ደብተሩ ላይ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። ኮምፓይለሩም ጠይቆኝ ነበር። እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት።

አሁን መዋጮው ቁጥር ብቻ አይደለም። ሦስት ዓይነት አደረግኩት፦ ጥላለች፣ ገና ናት፣ ያዙልኝ ብላለች። ኮትሊን ላይ እንዲህ የተዘጋ ዝርዝር ሲሠራ፣ ከሦስቱ አንዱን ረስቼ ከዘለልኩ ፕሮግራሙ አይነሳም። ከመቀየሬ በፊት የድሮውን በጊት (የቀድሞ እትሞችን በሚይዘው መሣሪያ) አስቀመጥኩት፤ ስህተቱን ማጥፋት አልፈለግኩም። ለእትዬም ነገ ከሥራ መልስ አሞራ ገደል ወርጄ ራሴ እነግራታለሁ። ከሌላ ሰው ባትሰማው ይሻላል።

ዛሬ እራት ላይ አዲሱን ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች አነበበችው። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ፣

«አንዷ በእቁቡ መሀል አገር ልትለቅ ሆነና ዕጣዋን ለልጇ ብታስተላልፍስ?» አለችኝ።

ኮትሊን ላይ አንዴ ከተሰጠ የማይቀየር ነገር ቫል ይባላል፣ የሚቀየረው ቫር። የሳምንቱን መዋጮ ቫል አድርጌዋለሁ፤ እቁብ ከተጀመረ በኋላ አይቀየርም። የዕጣውን ባለቤትም ቫል ነበር ያልኩት።

ሳህኖቹን አነሳሁና ላፕቶፑን መልሼ ከፈትኩ።