«እንጨት ፈልጌ ነበር»

ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አንድ አባት «እንጨት ፈልጌ ነበር» ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ለማገዶ ነው ለቤት?» አሉኝ። ለበር መቃን ነበር። የድሮውን ምስጥ ጨርሶት ጠዋት ስነካው እጄ ላይ እንደ በሶ ፈረሰ። «ታዲያ ጣውላ አትልም!» ብለው ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ እኮ ሁሉን እንጨት ብለን እንገላገላለን። ባህር ዛፉ ቆሞም እንጨት ነው፣ ተፈልጦም እንጨት። አያቴ ጥርሷን የምትፍቅበት የወይራ እንጨት። ወጡ ጣዕም ሲያጣ «እንጨት እንጨት ይላል»። የከሳውም ሰው ደርቆ እንጨት ሆነ ይባላል። ግዕዙ «ዕፅ» ደግሞ ይብሳል፣ አንዴ ዕፀ መስቀል፣ አንዴ አደንዛዥ ዕፅ! ዕድሜ እንጂ ቁም ነገር የሌለውን ሽማግሌ «የእንጨት ሽበት» እንላለን (ለሰውየው ይህን አልነገርኳቸውም፣ ዋጋ ይጨምሩብኝ ነበር)።

እኔን ያመመኝ ግን የአክስቴ ነው። ሠርግ ላይ እስክስታ እምቢ ሲለኝ «ወይ እንጨት!» አለችኝ፣ ያውም በሰው ፊት፣ ጎንደር ተወልዶ ትከሻው የማይንቀሳቀስ ብላ።

ስመለስ የባጃጁ ልጅ «ይሄን እንጨት የት ልትጭነው ነው?» አለኝ።

«ጣውላ ነው» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።