የ27 በመቶው ዘመን፦ ማንም ያልነገረኝ ሒሳብ

ብሔራዊ ባንክ ዓመታት ሠርቼ ወደ አንድ የግል ባንክ የትሬዠሪ (የባንኩን ጥሬ ገንዘብ የሚያስተዳድር) ክፍል ገባሁ። ዝውውሩ ቀላል ነበር። መልቀቂያ አስገባሁ፣ ክሊራንስ ጨረስኩ፣ ወንበር ቀየርኩ። ፍዳዬን ያበላኝ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የ27 በመቶ የቦንድ ግዥ መመሪያ ነው።

የግል ባንክ አዲስ ብድር በለቀቀ ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ (ቦንድ የምንለውን) መግዛት ነበረበት። ገንዘቡ ለአምስት ዓመት ይታሰር ነበር፣ ወለዱ 3 በመቶ። እኛ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ እንከፍል ነበር። የመንግሥቱን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አይመለከትም ነበር። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለረጅም ጊዜ ፕሮጀክቶች ይውላል ተባለ። በዓላማው ጠብ የለኝም፤ ፋብሪካ የሚጠላ ማን አለ? ጠቤ ከሒሳቡ ጋር ነው።

ለአንድ አስመጪ 100 ብር ለዓመት አበደርን እንበል፤ 27 ብር ታሰረ። ዓመቱ ሲያልቅ 100 ብሩ ተመለሰ፣ መልሰን አበደርነው፤ ሌላ 27 ታሰረ። አምስት ጊዜ ስናዞረው ደንበኛው ጋ ያለው ያው 100 ነው፣ የታሰረው ግን 135። ይህን ኤክሴል ላይ ሠርቼ ለአንድ ኃላፊ አሳየሁት። ወረቀቱን በቅጡ እንኳ ሳያይ "መንግሥት አይከስርም፣ ምን ያስፈራሃል?" አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እኔ መቼ ይከስራል አልኩ? የዚያን ዓመት የዋጋ ንረት 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። በ3 በመቶ ወለድ አምስት ዓመት የተቀመጠ ብር ሲመለስ ምን ሊገዛ ነው?

ከዚያ የኮሚቴው ጣጣ መጣ። ብድር ኮሚቴ 100 ያጸድቃል፣ ካዝናችን 127 አይችልም። ደንበኛው ደብዳቤውን እያወዛወዘ "ጸድቋል አላላችሁኝም እንዴ?" ይላል። ቅርንጫፎች ተቀማጭ አምጡ ተብለው ይዋከባሉ። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ሳትቀር ዘመድ አዝማዷን አካውንት ስታስከፍት ትውል ነበር። በምናገኘውና በምንከፍለው ወለድ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ዞሮ ዞሮ በብድር ወለድና በአገልግሎት ክፍያ ላይ ተጫነ።

ትሬዠሪ ለምትገቡ ልጆች የምለው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ ሲመጣ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት የቦንዱን ድርሻ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። 100 ሲጸድቅ 127 እንደሚወጣ ቁጠሩ። ሥልጠና ላይ የመንግሥት ሰነድን "ከሥጋት ነፃ ሀብት" ሲሏችሁ እንዳለ አትዋጡ። እኔ ከአለቆቼ ጋር ተጨቃጭቄ ይህን አሠራር አስገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጸድቆ ገንዘብ ያጣ ብድር አልነበረንም። እኮራበታለሁ።

በ2010 የሰነዱ ወለድ 5 በመቶ ሆነ፣ የቁጠባው ዝቅተኛ ወለድም ወደ 7 ወጣ። ክፍተቱ ያው ሁለት። በ2012 መመሪያው ተነሳ። በ2015 ደግሞ ባንኮች የአዲስ ብድራቸውን 20 በመቶ የሚያህል የግምጃ ቤት ቦንድ ግዙ ተባሉ። ያን ሰሞን አብሮኝ የሠራ ልጅ ደወለ፤ "ጋሼ፣ ያ የድሮው ሠንጠረዥ አለ?" ላክሁለት። 27 የሚለውን በ20 ተካው አልኩት።