ባንጆና «ኒው ፌቨሪት»፦ እስካሁን የደረስኩበት

ክራር ለምትመቱም፣ ጊታር ለምትለማመዱም፣ «ባንጆው የት ደረሰ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝም ይኸው። (ባንጆ ቆዳ የተወጠረበት ባለ አምስት ክር መሣሪያ ነው፤ እየተለማመድኩት ነው።)

ሰሞኑን ከአንድ አልበም ጋር ነው የከረምኩት። የአሜሪካዊቷ ዘፋኝና ፊድል (ቫዮሊን) ተጫዋች የአሊሰን ክራውስና የባንዷ የዩኒየን ስቴሽን «ኒው ፌቨሪት»። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን በዓመቱ በብሉግራስ አልበም ዘርፍ ግራሚ ወስዷል። ከውስጡ «ዘ ለኪ ዋን» የሚለው ዘፈን ለብቻው በካንትሪ ዘርፍ ሁለት ግራሚ አምጥቷል፤ አንዱ ለባንዱ፣ ሌላው ለደራሲው ለሮበርት ሊ ካስልማን። ሽልማቱን አይቼ አይደለም የመረጥኩት ብል ማንም አያምነኝም። ያቆየኝ ግን ባንጆው ነው።

ብሉግራስ ለማታውቁ ባጭሩ፦ በክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ሙዚቃ ነው፤ በተለመደው አሰላለፍ ከበሮ የለም። ማንዶሊኑ ክሮቹን መትቶ ወዲያው እያፈነ «ቻክ፣ ቻክ» ይላል፤ የስኔር ከበሮውን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው። ምቱን ከታች የሚይዘው ቤዝ ነው። ባንጆው ደግሞ የኧርል ስክራግስ ውርስ ነው። ሰውዬው በ1945 መጨረሻ የብሉግራስ አባት የሚባለውን የቢል ሞንሮን ባንድ ተቀላቀለና በሦስት ጣት አመታቱ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣት፣ በየተራ። አንድ ሮል (ጣቶቹ ክሮቹን በተራ የሚመቱበት ተደጋጋሚ ዙር) ስምንት ድምፅ አለው፤ ጣቶቹ ግን ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርገው ይከፋፍሉታል። ምት ቆጣሪው ሜትሮኖም በአራት እየቆጠረ እጄ በሦስት ሲሄድ መጀመሪያ አካባቢ ጭንቅላቴ ይዞር ነበር። አሁን እጄ ለምዶታል። ልቆጥር ስሞክር ነው የሚጠፋብኝ።

ክራር ለምትመቱ ልዩ ወሬ አለኝ። የባንጆ ክሮች ከአምስተኛው እስከ አንደኛው የሚቃኙት ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ተብለው ነው። አምስቱም ከሶል በሚነሳ ትዝታ ሜጀር ውስጥ ያርፋሉ። የሚጎድሉት ላ እና ሚ ብቻ ናቸው። እነሱም ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ላ ሦስተኛው ክር ላይ፣ ሚ አንደኛው ላይ። በአንድ ጣት ትዝታ ሞላ ማለት ነው! መሣሪያው ራሱ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን የፈጠሩት መሆኑን ሳስብ ብዙም አይገርመኝም።

ወደ አልበሙ ልመለስ። ባንጆውን የያዘው ሮን ብሎክ ነው። ፍጥነት የሚያሳይ ሰው ፈልጎ የመጣ ያዝናል። ክራውስ ስትዘፍን እሱ ዝቅ ይላል፤ ለስለስ ባሉት ዘፈኖች ጊታር ያነሳል። እኔን ያስተማረኝ ይኼ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ትምህርቶች ከሞላ ጎደል ሶሎ ናቸው፤ ዘፋኝ ሲዘፍን ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስልኬ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ፣ ግጥሙ ሲጀምር ክሮቹን አፍኜ ኮርድ ብቻ እመታለሁ፤ ስንኙ ሲያልቅ ባለችው ክፍተት አንድ ሮል አስገባለሁ። የባንዱ ጊታሪስት ዳን ታይሚንስኪ በሚዘፍነው፣ በቆሎውን ስላልኮተኮተው ሰነፍ ልጅ በሚያወራው የድሮ ዘፈን ላይ ብዙ ሠርቻለሁ። ሊያገባት የጠየቃት ልጅ ለምን እምቢ እንዳለችው ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

አፓርታማ ውስጥ ለምትኖሩ፦ ባንጆ በብረት ጣት ማድረጊያ ሲመታ ድምፁ ግድግዳ ያልፋል። ከኋላ፣ በወጠረው ቆዳና በዘንጉ መሃል አሮጌ ካልሲ ሸጉጡበት። ድምፁ ይታፈናል፣ ጎረቤትም ይተኛል።

አሁን የቀረኝ «ቾክቶው ሄይራይድ» ነው፤ የባንዱ አባል ጄሪ ዳግላስ የደረሰው፣ ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ። በሙሉ ፍጥነቱ ገና አልደፈርኩትም። እስከዚያው ግን ፊድሉን የሚተካልኝ ማሲንቆ ተጫዋች እፈልጋለሁ። በሶል ትዝታ ቃኝቶ፣ ቀስ ብለን የምንሞክር። ፈቃደኛ ካለ ይጻፍልኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።