የዊንቸስተሩ መዝገብ፦ ከኦሮራ እስከ ኮዲ

ከኮሎራዶዋ ኦሮራ የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። መኪናዋ ውስጥ ያለነው እኔና አጎቴ ብቻ ነን። አጎቴ ጎንደር ውስጥ ላይ ጋይንት ተወልደው፣ ከነፍጥ ጋር አድገው፣ አሁን በሰባ ሁለት ዓመታቸው ኮሎራዶ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። መድረሻችን ስምንት ሰዓት ያህል የሚያስነዳው የዋዮሚንግ ከተማ ኮዲ ነው። በደረት ኪሴ አንዲት ወረቀት ይዣለሁ፤ ባለፈው ጥር የገዛሁት ጠመንጃ መለያ ቁጥር ተጽፎባታል። ጠመንጃው ራሱ ቤት ተቆልፎበት ቀርቷል።

ዊንቸስተር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ለገበያ የቀረበው፣ የዩታው ተወላጅ ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ የነደፈው ዓይነት። ከምላጩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ፊት ሲገፉት ቀለሁ ይወረወራል፤ ሲመልሱት ከበርሜሉ በታች በተዘረጋው ቱቦ ውስጥ ከተደረደሩት ጥይቶች አንዱን ይጎርሳል። ይህ ዓይነት ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። አሜሪካ ውስጥ አጋዘን አዳኝ የነበረ አያት ካለ፣ ጓዳው ውስጥ አንዱ መገኘቱ የተለመደ ነው።

አጎቴ መጀመሪያ ቀን ሳሳያቸው ማንሻውን ከፈቱና ትንሽ ጣታቸውን ወደ ጥይት መጉረሻው ሰደዱ። ባዶ መሆኑን እኔ ነግሬያቸዋለሁ። «ልጄ፣ መሣሪያ ባዶ ነው ተብሎ አይታመንም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው እንጨቱን የዳበሱት።

ከካስፐር ወዲያ መንገዱ ሜዳና ነፋስ ብቻ ነው። ከሾሾኒ በኋላ ግን ገደሉ መሐል ይገባል። የዊንድ ወንዝ ያን ሸለቆ ጨርሶ ሲወጣ ስሙ ይለወጥና ቢግሆርን ይባላል። አጎቴ በዚህ ተደነቁ፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ ውኃ፣ ሁለት ስም። ከዚያ ስለ መሣሪያ ስም ጀመሩልኝና እስከ ኮዲ አላቋረጡም። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ የተገራ መሆኑን አውቅ ነበር። ምንሽሩን፣ ለበኑን፣ ናስማስሩን ግን የማን ቤት እንደነበረና ለማን እንደተላለፈ እየቆጠሩ ሲነግሩኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የኮዲ የጦር መሣሪያ ሙዚየም በቡፋሎ ቢል ማዕከል ሥር ካሉት አምስት ሙዚየሞች አንዱ ነው። የዊንቸስተር ኩባንያ ራሱ የሰበሰበው ስብስብ በ1970ዎቹ ፋብሪካው ከነበረበት ከኒው ሄቨን ወደዚህ መጥቷል። ለአሮጌ ጠመንጃ ፍቅር ላለው ሰው እዚያ ግማሽ ቀን አይበቃም። የ1860ው ሄንሪ የሚባለው ጠመንጃ አለ። ቀጥሎ ወገቡ ቢጫ የሆነው የ1866ቱ። እኔን ከሁሉ ያቆመኝ ግን የ1895ቱ ነው። በቱቦ ውስጥ የአንዱ ጥይት ጫፍ የፊተኛውን መቀጣጠያ ስለሚነካ ሹል አረር አደገኛ ነው፤ ስለዚህ የእኔ ዓይነቱ ጫፉ ደፍጠጥ ያለ አረር ይጎርሳል። ብራውኒንግ ለ1895ቱ ቱቦውን ትቶ ከሥሩ ካዝና ሠራለት። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ይዞት የሄደው ይህንኑ ነው። ጃማይካ የተወለደው የጠመንጃ ነዳፊ አርተር ሳቬጅ ደግሞ ጥይቱን በሚሽከረከር ካዝና ውስጥ አኖረው፤ በጎኑ ባለች ቀዳዳም የቀረውን ጥይት ቁጥር ማየት ይቻላል። አጎቴ ቀዳዳዋን ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ ሰው አስቦበታል» አሉ።

ወደ መዝገብ ክፍሉ የሄድነው ከምሳ በኋላ ነው። የፋብሪካው ጸሐፊዎች በእጃቸው የሞሉት መዝገብ እዚህ ይገኛል፤ ለ1894ቱ ዓይነት የሚሸፍነው ከ1 እስከ 353,999 ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። የእኔው ከሁለት መቶ ሺህ ትንሽ ዘለል ያለ ነው። ሠራተኛዋ ቁጥሩን ተቀብላ ገባችና ጥቂት ቆይታ አንድ ገጽ ይዛ ተመለሰች። ባለ ስምንት ማዕዘን በርሜል፤ ከመጋዘን የወጣው ኅዳር 1902። አጎቴ ወዲያው ወደ እኛ አቆጣጠር መለሱት፦ «ኅዳር 1895። ከአድዋ ሰባት ዓመት አልሞላውም።»

ከሥሩ አንዲት መስመር ነበረች። በ1905 ለጥገና ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ ተጠግኖ ወጥቷል። ማን እንደላከው፣ ከየት እንደላከው አይናገርም።

ያችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ከገዛሁት ጀምሮ ያሰብኩት ብረቱን አስፍቄ እንደ ፋብሪካው ቀለም እንደገና ሰማያዊ ማስቀባት ነበር፤ ቀለሙ ሄዶ ቡናማ ሆኗል፣ ማንሻው ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነጥቷል። አንድ ሰው ግን ገና በሦስት ዓመቱ ሌላ መግዛት ሲችል ይህንኑ ጠቅልሎ በባቡር ወይም በፖስታ ወደ ፋብሪካው መልሶታል። ያ ሰው የያዘበትን ቦታ በአሸዋ ወረቀት ፍቄ ላጠፋው ነበር። ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያው ቀለም ከተነካ ዋጋው ይወድቃል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ እኔን ያቆመኝ ግን ዋጋው አይደለም።

አንድ ጥፋት አስቀድሜ ሠርቻለሁ። በጥር ወር በቤት መፍቻ አንዱን ብሎን ልፈታ ስል መፍቻው ተንሸራትቶ ጥርሱን ላጠው። የቤት መፍቻ ጫፉ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ ነው፤ ለአሮጌ ጠመንጃ ግን ሁለት ጎኑ ትይዩ ሆኖ የተሞረደ፣ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ የሚገጥም መፍቻ ያስፈልጋል። ይህን ያወቅሁት ከላጥኩት በኋላ ነው። አሁንም ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

በተመለስን በሦስተኛው ቀን ማታ አጎቴ ቤቴ መጡ። ነጭ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። ይህን ጠመንጃ ከኋላው ለመወልወል ብዙ መፍታት ስለሚጠይቅ አብዛኛው ሰው ዘንጉን ከአፈሙዙ ያስገባል፤ ዘንጉ ግን የአፈሙዙን ጠርዝ እየፋቀ ኢላማውን ያበላሻል። እኛ ጫፉ ላይ ጨርቅ ያለውን ገመድ ከመጉረሻው አስገብተን በአፈሙዙ ሳብነው። የመጀመሪያው ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ አራተኛው ግራጫ፣ ሰባተኛው ነጭ። ዝገት የጀመረውን ቦታ በዘይትና እጅግ በላመ የብረት ሱፍ በስሱ አሻሸሁት፤ ዝገቱ ለቀቀ፣ ቡናማው ቀለም ግን ሳይነካ ቀረ። ዋልነት ከሚባለው ዛፍ ለተሠራው እንጨቱ ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት በመዳፌ አሸሁ። ውስጥ ለሚንቀሳቀሰው ብረት ተልባ አይሆንም፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ለእርሱ ቀጭኑ የመሣሪያ ዘይት ነው። ጨመር ላደርግ ስል አጎቴ እጄን ያዙ። «ዘይት ሲበዛ አቧራ ይጠራል።»

የተላጠውን ብሎን ልቀይረው አዲስ አዝዤ ነበር። አጎቴ አሮጌውን አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጉት፣ የላጥኩበትን በጥፍራቸው ዳሰሱና መልሰው ሰጡኝ። «ይኸም መዝገቡ ላይ ይግባ» አሉ። መብራቱን ያዙልኝ፤ እኔም በአዲሱ መፍቻ ቀስ እያልኩ ያንኑ ብሎን ወደ ቦታው መለስኩት።