ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ፣ ከሦስት ወር ልጅ ጋር

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እናቴ ደግሞ ሱሉልታ። ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ማለት ነው። እናቴ እግሯን ስለሚያማት አራስ ሆኜ እንኳ መጥታ ልታየኝ አልቻለችም። ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ሦስት ወር እንደሞላት «በቃ፣ እኔው ወስጄ አሳያታለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይባባል። ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የወጣሁት። ሰው ሁሉ ወደ ሥራ የሚሮጥበት ሰዓት። አንድ ትልቅ ቦርሳ ሙሉ እሽግ ዳይፐር፣ ስድስት ቅያሪ ልብስና ፎጣ ይዟል። በፌስታል ለእናቴ ቡናና ስኳር አለ። ልጅቷ ቱታ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ ለብሳለች፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከላይ ጋቢ ተደርቦባታል። ሱሉልታ ብርድ ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ብዬ ነው። ግን ሱሉልታ ለመድረስ ገና አራት ታክሲ ይቀረኛል።

ሰልፉ ላይ «ልጅ የያዘች ትቅደም» ብለው አሳለፉኝ። ሹፌሩም አክብሮኝ ጋቢና አስገባኝ። ወዲያው ከኋላ «መስኮቱን ዝጉላት፣ ሕፃን ይዛለች» ተባለና ሁሉም ተዘጋ።

ጎሮ አካባቢ ስንደርስ ማልቀስ ጀመረች። አለቃቀሷ እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ነበር። ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። «ርቧት ነው።» «ሆዷን ነፍቷት ነው።» «ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊላት።» አንዷ «ዓይን እንዳይሆን፣ ሸፍኛት» ስትለኝ ነጠላዬን ፊቷ ላይ ጣል አደረግሁ። ባሰባት። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

መገናኛ ወርጄ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ቆሎ የሚሸጡ አንድ እናት ሳህናቸውን አስቀምጠው መጡ። ምንም ሳይጠይቁ እጃቸውን በጋቢው ስር አስገብተው ማጅራቷን ዳሰሷት። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ እኮ በላብ ርሳለች። ግለጪላት!» ጋቢውን አነሳሁ፣ ብርድ ልብሱን፣ ኮፍያውን። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ጉንጯ ቲማቲም መስሏል። የአንገቷ እጥፋት ውስጥ ላቡ ይታያል። አየር ሲነካት በረጅሙ ተነፈሰች። ብዙም ሳይቆይ የሴትዮዋን ጣት ይዛ ዝም አለች። ሙቀት ብቻ ነበር!

በ14 ሳምንቷ ለክትባት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ይህንኑ ለነርሷ ነገርኳት። «ሙቀቷን በእጇ አትለኪ፤ የሕፃን እጅና እግር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ማጅራቷን ወይም ደረቷን ንኪ» አለችኝ። ፊት መሸፈን ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ትንፋሽ ያሳጣል። ገልጣችሁላት ቆይታችሁም ሰውነቷ ካልበረደ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ያኔ ጉዞው ይቅርና ሐኪም ጋ ውሰዷት። በተለይ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ከሆነ አንድ ሰዓት አትጠብቁ።

የውሃውንም ነገር ጠይቄያታለሁ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ ውሃ እንኳ አያስፈልግም፣ ፀሐይ ቢሆንም። አሁን ታክሲ ውስጥ ውሃ ስጪያት ሲሉኝ «እሺ» ብዬ ጡት እሰጣታለሁ። ሰው በደግነት ነው የሚለው፣ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም።

ጋቢና ግን አልገባም። ክብር እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከፊት ያለው መስታወት ነው፣ እጄ ደግሞ አይችላትም። ቀበቶውን ሁለታችን ላይ ማሰር የባሰ ነው፤ በእኔ ክብደት ትጨፈለቃለች። «አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ከኋላ ይሻለኛል» ብዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ መስኮት ስር እቀመጣለሁ። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል እከፍተዋለሁ። ይዘጋ የሚል ሰው ከመጣ «እስቲ ማጅራቷን ይንኩት» እላለሁ። እስካሁን ነክቶ የተከራከረኝ የለም።

ሌላው ትልቁ ለውጥ ሰዓቱ ነው። አሁን የምወጣው 4 ሰዓት ላይ፣ በደንብ አጥብቻት ነው። ሰልፍ የለም፣ ትርፍ የሚጭንም የለም። ለመመለስ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፤ 11 ሰዓት ከሆነ መገናኛ ላይ ሕፃን ይዞ መጋፋት ነው።

ከአዲሱ ገበያ በኋላ ያለው የእንጦጦ አቀበት የራሱ ጣጣ አለው። እኛ ጆሯችን ሲደፈን ምራቅ እንውጣለን። እሷ ይህን አታውቅም፣ ታለቅሳለች። ስለዚህ መኪናው መውጣት ሲጀምር ጡት አስይዛታለሁ፤ ስትውጥ ጆሮዋ ይከፈታል። ቁልቁለቱም ላይ እንደዚያው። ከፊት የሚከፈት ሸሚዝና አንድ ነጠላ በቂ ነው። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ሂሳብ ሲጠየቅ «የእሷንም ከዚህ» ብሎ ከፈለልኝ። ወራጅ ብሎ ሲወርድ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ትልቁን ቦርሳ ትቼዋለሁ። አራት ዳይፐር፣ አንድ ቅያሪ፣ አንድ ፎጣ፣ የቆሸሸውን መያዣ ሁለት ፌስታል፤ ሁሉም በጀርባ በሚያዝ ትንሽ ቦርሳ ይገባል። ልጅቷ ከፊቴ በማዘያ ታስራ ሁለቱም እጄ ነፃ ነው፤ ለረዳቱ ብር መስጠት፣ በሩን መያዝ እችላለሁ። የቀረው ዳይፐር፣ ሹራቡና ያ ጋቢ እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ስንደርስ እናቴ አውጥታ ታለብሳታለች፤ እዚያ እውነትም ይበርዳል።